ቁልቁለቱን የሚወርድ ትምህርት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወራችሁ ስለ አንድ ቁልቁለትና በዚያ ቁልቁለት ስለሚወጣና ስለሚወርድ ትምህርት ነው።

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ወደ ደሴ የሚያቀና መኪና ጣርማ በር ይደርሳል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ጭጋጉ በእኩለ ቀን የመኪና መብራት ያስበራል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ ያወጣው ዋሻ አለ። በዚህኛው አፍ በብርድ ትገባላችሁ፤ በወዲያኛው አፍ ስትወጡ ምድሩ ከእግራችሁ ሥር ወደ ታች ይጀምራል። ደብረ ሲና፣ አርማንያ፣ ከዚያ ደግሞ ጋቢ የሚያስወልቅ ሙቀት። ማንጎና ፓፓያ መንገድ ዳር ተደርድሯል፤ ሽንኩርት በኬሻ ተቋጥሯል። ሸዋ ሮቢት ደረሳችሁ ማለት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ተቀምጣ ሸዋ ሮቢት ከ1,300 ሜትር በታች ናት። 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ ሰማዩም፣ እህሉም፣ በሽታውም ይለወጣል።

ከላይ ዩኒቨርሲቲ አለ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም ሥራ ከጀመሩት፣ ሁለተኛው ትውልድ ከሚባሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ከታች ይፋት አለ፤ የሮቢና የጀውሃ ወንዞች ወደ አዋሽ የሚወርዱበት፣ ማሽላና ጤፍ፣ ማሾና ሽንኩርት የሚበቅልበት፣ አማራውና አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ የሚገናኙበት፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ የሚተያዩበት ቆላ።

ዛሬ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የደረሱበትን ሲናገሩ ሦስት ነገር ያነሳሉ። ዓለም አቀፋዊነት ይላሉ፤ ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ጋር መፈራረም፣ መምህር መላክ፣ እንግዳ መቀበል ማለት ነው። ለተማሪው ሁኔታ የሚመች ትምህርት ይላሉ፤ በርቀት፣ በክረምት፣ በማታ፣ በስልክ። የማኅበረሰብ ጉድኝት ይላሉ፤ ከግቢ ወጥቶ ለሕዝብ መድረስ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጋር አስቀምጦ የዩኒቨርሲቲ ግዴታ አድርጎታል። እኔ እነዚህን ሦስት ነገሮች ይዤ ቁልቁለቱን ልውረድ። ይፋት ሦስቱንም ከማንም ቀድሞ ያውቃቸዋልና፣ ለዩኒቨርሲቲው የሚነግረው አለው።

እንግዲህ ወደ ኋላ እንሂድ። ዘመኑ 14ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ይፋት የወላስማ ሡልጣኖች የሚገዙት አገር ነው፤ ዓረቦቹ ወፋት ይሉታል፤ ጀበርት የሚል ስምም ነበረው። በዘይላ ወደብ በኩል ከባሕር ማዶ ይነግዳል። በካይሮ የማምሉኮች ቤተ መንግሥት በጸሐፊነት ያገለገለ፣ እ.ኤ.አ. በ1349 የሞተ አል-ዑመሪ የሚባል ሶርያዊ ነበር። ይህ ሰው ይፋትን በዓይኑ ሳያይ ጻፈው። አገሩ የ15 በ20 ቀን መንገድ ነው አለ፤ 15,000 ፈረሰኛ፣ ከ20,000 በላይ እግረኛ ያሰልፋል አለ፤ ሙዙንና ሸንኮራውን ሳይቀር ቆጠረ። ከየት አገኘው? ከዚሁ ወገን ካይሮ ከሄዱ ሰዎች አፍ። ከነገሩት አንዱ ሼክ ዐብደላህ አዝ-ዘይለዒ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን ጉዳይ ይዘው በግብፁ ሡልጣን ደጅ የቆሙ ሊቅ። ከእሳቸው ጋር በአንድ ዘመን ፈኽሩዲን ዑስማን አዝ-ዘይለዒ የሚባሉ የሕግ ሊቅም በካይሮ ያስተምሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1342 አረፉ፤ መጽሐፋቸው ዛሬም ሐነፊ በሚባለው የእስልምና ሕግ መዝሀብ ትምህርት ቤቶች ይነበባል።

ተማሪውም ይሄድ ነበር። ካይሮ ባለው በአል-አዝሀር መስጊድ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች የሚያድሩበትና የሚማሩበት ክፍል ሪዋቅ ይባላል። የሶርያ ተማሪ የራሱ ሪዋቅ አለው፤ የመግሪብ ተማሪ የራሱ አለው፤ ከኛ ምድር የሄደውም የጀበርቲዎች ሪዋቅ ነበረው። ስንቅ ቋጥሮ፣ በግመል አዋሽን ተሻግሮ፣ ከዘይላ በጀልባ ተሳፍሮ የሄደ ልጅ እዚያ ሲደርስ የአገሩን ልጅ ያገኛል፤ እንጀራ ባይኖርም ዳቦና ማደሪያ አያጣም። ናፖሊዮን ግብፅን ሲወር የሆነውን ቀን በቀን የመዘገበው፣ ከ1753 እስከ 1825 እ.ኤ.አ. የኖረው ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱራሕማን አል-ጀበርቲ ዘሩ ከዚሁ ሪዋቅ ነው። አባቶቹ ለብዙ ትውልድ የሪዋቁ አለቆች ነበሩ።

ልብ በሉ! ከእኛ ምድር የወጣ ቤተሰብ ግብፅን የሚያህል አገር ታሪክ ጸሐፊ አፈራ። ደስ ይላል፤ እኔን ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ደግሞ ይከነክነኛል። እሱ የጻፈው የካይሮን ነው። የይፋትን የጻፉት አል-ዑመሪ በካይሮ፣ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ አል-መቅሪዚ በመካ ሆነው ነው፤ በዓረብኛ፣ ለዓረብ አንባቢ። ይፋት ራሱ ስለ ራሱ የተጻፈውን ሳያነብ ምዕተ ዓመታት አለፉ። የይፋት ከተሞች ፍርስራሽ አሁንም አለ፤ ኖራ፣ አስባሪ፣ መሳል የሚባሉት፣ ከገደሉ አፋፍ ሆነው ወደ አዋሽ የሚመለከቱ የድንጋይ ቤቶችና መስጊዶች። የአካባቢው ሰው ቦታዎቹን ሁልጊዜም ያውቃቸዋል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍራንስዋ ግዛቪየ ፎቬልና በርትራን ሂርሽ የሚባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ለክተው፣ ቆፍረው፣ የመቃብር ጽሑፉን አንብበው አሳተሙ፤ በፈረንሳይኛ። ሥራቸው ታላቅ ነው፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን እውቀቱ እንደገና ወጥቶ ሄደ። መቼ ይመለሳል? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ታሪኬ ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚዞረው።

አሁን ስለ ሁለተኛው ነገር፣ ለተማሪው ስለሚመች ትምህርት። ከይፋት እስከ ወሎ ደረሳ የሚባል ተማሪ አለ። ደረሳ በዕድሜ አይገደብም፤ የሃያ ዓመቱም የአርባ ዓመቱም አንድ ኪታብ ከፊታቸው ዘርግተው ይቀመጣሉ። ፊቅህ የሚባለውን የሃይማኖት ሕግ ከአንዱ ሼክ ይማራል፤ ነህው የሚባለውን የሰዋስው ትምህርት ሌላ አገር ያለ ሼክ የተካነበት እንደሆነ ከሰማ ጓዙን ይዞ ይሄዳል። ሲደርስ ሼኩ፣

«ልጄ፣ ከየትኛው ኪታብ ደረስክ?» ይሉታል።

«ሼሃችን፣ ፊቅሁን ጨርሻለሁ፤ ነህው ፈልጌ ነው የመጣሁት» ይላል።

ይኸው ነው ምዝገባው። የመንደሩ ሰው ያበላዋል፤ እሱም በአዝመራ ጊዜ ያጭዳል፣ እንጨት ይለቅማል። ገደሉን ወጥታችሁ መንዝ ስትደርሱ ደግሞ የቆሎ ተማሪው አለ፤ ዜማውን ከአንዱ፣ ቅኔውን ከሌላው፣ አቋቋሙን ከሦስተኛው መምህር ይማራል፤ እንደየችሎታው በሦስት ዓመትም በአሥር ዓመትም ይጨርሳል። ቆላና ደጋ፣ እስላምና ክርስቲያን፣ ሁለቱም ተማሪው መምህሩን የሚመርጥበት፣ ጊዜው ከኑሮው ጋር የሚሄድ፣ ወጪውን ማኅበረሰቡ የሚሸከም ትምህርት ነበራቸው። ዛሬ ከውጭ እንደመጣ አዲስ ነገር የምንሰማው ብዙው ነገር በዚህ ገደል አናትና ግርጌ ሲኖር ነው የኖረው።

ከዚያ ዘመናዊው ትምህርት መጣ። እዚህ ላይ አንድ የወባ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ወባ ለይፋት የራሱ ጉዳይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1953 ጣና አጠገብ ደንቢያ ሜዳ ላይ ወባ ተነሳ። ወደ 7,000 ሰው ጨረሰ ይባላል። በማግስቱ ዓመት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካ አገዙ። ሆስፒታል ውስጥ ብቻ የሚቀመጥ ሐኪም ለመፍጠር የተከፈተ ግን አልነበረም። የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የንጽሕና ባለሙያው በአንድ ቡድን ሆነው ገጠር ጤና ጣቢያ ይወርዱ ነበር፤ ትምህርታቸውን የሚጨርሱትም እዚያው ሕዝቡ መካከል ነው። ዓለም አቀፍ እርዳታው፣ ትምህርቱና ሕዝቡ በአንድ ተገናኙ፤ ያገናኛቸውም አንድ ሜዳ ላይ የሞተ ሕዝብ ነው። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል ተደረገ፤ አብዛኛው አስተማሪ ሆኖ ሄደ። አገሩን በመጽሐፍ የሚያውቅ ወጣት ገበሬውን ከነኑሮው አየው።

በዚያው ዘመን አንድ ሐኪም ነበሩ። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በአሌክሳንድርያ ቪክቶሪያ ኮሌጅ ተማሩ፤ ከዚያ ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ሕክምና አጠኑ፤ በቀዶ ሕክምናም ሠለጠኑ። ሊቀሩ ይችሉ ነበር። ተመለሱ። ተመልሰውም ቀዶ ሕክምና በመሥራት ብቻ አላበቁም፤ ሐኪም እዚሁ አገር እንዲሠለጥን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሕክምና ፋኩልቲ ካቋቋሙት አንዱ ሆኑ፤ ዲንም ሆነው መሩት። በ1985 ዓ.ም ከአርባ በላይ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲባረሩ አብረው ተባረሩ። ደብረ ብርሃን ላይ ባደረጉት ንግግር ጭምር ተከሰው ታሰሩ፤ ታመሙ፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1999 አሜሪካ ፊላዴልፊያ ውስጥ አረፉ። ዛሬ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ግቢ በስማቸው ይጠራል። እዚያ ግቢ የሚገባ ተማሪ ሁሉ ስሙን በር ላይ ያነባል። እኔ ብሆን ግቢውን ከማስጎብኘቴ በፊት የሕይወታቸውን መንገድ እነግረው ነበር፤ አሌክሳንድርያ፣ ኤድንብራ፣ አዲስ አበባ። ሄዶ መመለስ ምን እንደሚመስል ያንን ያህል የሚያሳይ ሌላ ትምህርት አላውቅም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነገር፣ ወደ ማኅበረሰብ ጉድኝት፤ እሱንም በማሽላው ልንገራችሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ ይህን ሳወራ አልቸኩልም።

የይፋት ገበሬ አቀንጭራ የሚባል ጠላት አለው። አበባው ወይን ጠጅ፣ ሲታይ የሚያምር አረም ነው። ማሽላው ጉልበት ሊያወጣ ሲል ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይቀጭጫል፤ ዝናብ እያለ የተጠማ ይመስላል። ገበሬው አቀንጭራውን ከመሬት በላይ ሲያየው ጉዳቱ አልቋል፤ አረሙ ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር ይዞ ሲመጥ ሰንብቷልና። አንዲት ተክል በአሥር ሺዎች ከዚያም በላይ የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩ ከአቧራ የላመ ነው፤ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት፣ እስከ ሃያ ዓመት ድረስ ሳይሞት ይተኛል። የሚነቃው የማሽላ ሥር አጠገቡ ሲደርስና ከሥሩ የሚወጣውን ኬሚካል ሲቀምስ ብቻ ነው። ገበሬው ዘንድሮ አረሙን ቢነቅል አያቱ በሕይወት ሳሉ የወደቀው ዘር ይነሳበታል።

ታዲያ ወለንኮሚ በምትባል ቦታ አጠገብ በሳር ጎጆ የተወለደ አንድ ልጅ ነበር፤ ገቢሳ ኢጀታ። ከኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ስምምነት በቆመው የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በዓለማያ ኮሌጅ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመረቀ። አሜሪካ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1978 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። ሱዳን ውስጥ በማሽላ ሠራ፤ ከዚያ ወደ ፐርዱ ተመለሰ። እዚያ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር ሆነው የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ አቀንጭራውን የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል በጥቂቱ ብቻ የሚያወጣ ማሽላ ቢኖርስ? ዘሩ እንደተኛ ይቀራል። እንዲህ ዓይነት ማሽላ ፈለጉ፤ አገኙም፤ ከጥሩ ፍሬ ሰጪ ዝርያ ጋር አዳቀሉት። እ.ኤ.አ. በ1994 ስምንት ቶን ዘር ለአሥራ ሁለት የአፍሪካ አገሮች ተላከ። ከዝርያዎቹ ሁለቱ በአገራችን ጎብዬና አብሽር ተብለው ተለቀቁ፤ ብርሃን የሚባል ሌላ ደግሞ ተከተለ። ቀጥሎም ዘሩ ብቻውን እንደማይበቃ ስለታወቀ ቦዩን በየርቀቱ በአፈር እየገደቡ የዝናብ ውሃ ማቆርና ማዳበሪያ አብረው እንዲሄዱ ተደረገ። ገቢሳ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸለመ።

ሸዋ ሮቢት የአገሪቱ ማሽላ ተመራማሪዎች ዝርያ ከሚፈትኑባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ፐርዱ ላብራቶሪ ውስጥ በመስታወት ሳህን ላይ የተጀመረ ጥያቄ መጨረሻው እንዲህ ያለ አፈር ነው። ነገሩ ግን በዚህ አያልቅም። ገበሬው ራሱ መልስ አለው። የአገሩ ማሽላ ረጅም ነው፤ አገዳው ከብት ይቀልባል፣ እሳት ይሆናል፣ አጥር ይሆናል፣ ቤት ይከድናል። አዲሶቹ ፈጥነው የሚደርሱት ዝርያዎች አጫጭር ናቸው። እናም ባለሙያው ወርዶ ዘሩን ሲያሳይ ሽማግሌው እንዲህ ቢሉት አይገርምም፦

«ፍሬው እንኳ ደግ ነው ልጄ። አገዳውስ? በሬዬ በጋውን ምን ሊበላ ነው?»

«አባባ፣ እሱን አላሰብነውም» ብሎ የሚመልስ ባለሙያ ቀጣዩን ምርምሩን አገኘ። የማኅበረሰብ ጉድኝት ማለት ለእኔ ይህች ጥያቄ ሽቅብ ወጥታ ደብረ ብርሃንና ፐርዱ ስትደርስ ነው። ዘር ወደ ታች ይወርዳል፤ ጥያቄ ወደ ላይ ይወጣል። አንዱ ከጎደለ እርዳታ ብቻ ይሆናል።

ማሾንም ሳላነሳ አላልፍም። ማሾ የእስያ እህል ነው፤ ይፋት ግን ወደደው፤ አጭር ዝናብ ይበቃዋል፣ በሁለት ወር ተኩል ገደማ ይደርሳል። የመልካሳ እርሻ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የለቀቁት ዝርያ ራሳ ይባላል፤ በይፋት ቆላ ስም። በ2014 እ.ኤ.አ. ማሾ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መገበያየት ጀመረ፤ ወደ እስያም ተመልሶ ይሸጣል። ይህንን የሠራው ስብሰባ አይደለም፤ ተመራማሪውና ገበሬው ለዓመታት አንድ ማሳ ላይ ቆመው የሠሩት ነው።

እንግዲህ ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ልመለስ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አድጓል፤ ከመምህርነት ትምህርት ተነስቶ ሕክምና እስከማስተማር፣ የሐኪም ግዛው ሆስፒታልን የማስተማሪያ ሆስፒታል እስከማድረግ ደርሷል። የመምህራኑ ጥናቶች በውጭ መጽሔቶች ይታተማሉ። ከነዚህ መካከል የሸዋ ሮቢትን ስም በርዕሳቸው የያዙ የጤና ጥናቶች አሉ። ተመራማሪዎቹ ቁልቁለቱን ወርደው፣ በሙቀት ቤት ለቤት ዞረው፣ እናቶችን ጠይቀው፣ የጤና ጣቢያ መዝገብ ገልጠው የሠሩት ነው። በርቱ ነው የምለው። ዓለም አቀፋዊነት በዚህ በኩል እውነት ነው፤ ለንደን ያለ አንባቢ ዛሬ ሮቢት ውስጥ ስላለው ወባ ማንበብ ይችላል።

የተጠየቀችው እናትስ? በአጎበሩ ላይ ስንት ጥያቄ የመለሰችው፣ ጣቷ ተወግቶ ደም የሰጠችው? ጥናቱ በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ ላይ ነው አል-ዑመሪ የሚመጣብኝ። ያኔ ይፋት ካይሮ ውስጥ በዓረብኛ ተጻፈ፤ አሁን በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ያኔ ላለመመለሱ ባሕርና በረሃ ምክንያት ነበር፤ ዛሬ በዩኒቨርሲቲውና በሮቢት መካከል ያለው ከመቶ ኪሎ ሜትር ያነሰ አስፋልት ነው።

አስፋልቱም ቢሆን ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም፤ ይህን መናገር አለብኝ። በ2013 ዓ.ም በዚሁ መንገድ ላይ ያለችው የአጣዬ ከተማ ነደደች። በ2014 ዓ.ም ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ደረሰ፤ ሕዝቡ ሽቅብ ተሰደደ፤ ደብረ ብርሃን ተፈናቃዩን ተቀበለች። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል እንደገና ግጭት ውስጥ ገባ፤ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ መንገዱ እየተዘጋ ይከፈታል። በዚህ ውስጥ ያስተማረ መምህር፣ የተማረ ልጅ ሊመሰገን ይገባዋል።

እና ለተማሪው ስለሚመች ትምህርት ስናወራ ይህን ኑሮ ይዘን ነው። ከቆላ የሚሠራ መምህር ዓመቱን ሙሉ ሲያስተምር ከርሞ ክረምት ሲገባ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይወጣል፤ የክረምት ተማሪ ነው። ከሮቢት ሙቀት ወጥቶ የሐምሌን የደብረ ብርሃን ብርድ የሚችለው ዲግሪውን ይዞ ወደ ተማሪዎቹ ለመመለስ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም ኮሮና ትምህርት ቤቱን ሁሉ ሲዘጋ የመማሪያ ጽሑፍ በቴሌግራም መላክ ተለመደ። ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የበይነ መረብ ትምህርት ለማስፋት ኢ-ሺ የተባለ ፕሮግራም ከፍቷል። መልካም ነው። ግን ኢንተርኔት በተቋረጠበት ወር የሮቢት ተማሪ ምን ያደርጋል? የታተመ ሞጁል ያስፈልገዋል። ሬዲዮ ያስፈልገዋል፤ ይህች አገር በሬዲዮ ስታስተምር ብዙ ዘመን ሆኗታል። ፈተናው ሮቢት ድረስ ቢወርድለትና ለፈተና ብሎ በአደገኛ መንገድ ባይጓዝ ይሻላል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ትልቅ የፌዴራል ማረሚያ ቤትም አለ። ታራሚው ሰው ነው፣ ጊዜም አለው፤ የርቀት ትምህርት ለማን ተፈጠረ? የሕግ ተማሪዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ለመስጠት ከዚያ የተሻለ ቦታ የት ያገኛሉ?

ደግሞ ደረሳውን አስቡት። ኪታቡን ሲጨርስ በየትኛው ዓመት ጀመርክ የሚለው የለም፤ የት ደረስክ ነው የሚባለው። አንድ የይፋት ልጅ በግጭት ምክንያት ሁለት ዓመት ቢቋረጥበት ዩኒቨርሲቲው እንደዚያ ሼክ የት ደረስክ ብሎ ከዚያው ቢያስቀጥለው እመኛለሁ። አሁን ተማሪው በወረቀት ፍለጋ ስንት ቢሮ ይንከራተታል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፈቃድ ነው የሚጠይቀው።

የፍርስራሾቹም ነገር አለ። ኖራና አስባሪ የሚገኙት በዩኒቨርሲቲው ደጅ ነው። የታሪክ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፉን በእነሱ ላይ ቢሠራ፣ ከፈረንሳይኛውና ከዓረብኛው የተጻፈውን ወደ አማርኛ ቢመልስ፣ ያንኑ ይዞ ወርዶ ለሮቢት ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቢያነብላቸው! ከካይሮ የቀረው ቢያንስ በወረቀት ይመለሳል። ከአል-አዝሀር ጋርም ቢሆን መነጋገር ይቻላል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከሩቅ አገር ጋር ሲፈራረሙ አያለሁ፤ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የአገራችን ልጆች ማደሪያ ከነበራቸው ቦታ ጋር ለመፈራረም የሚበልጥ ምክንያት ከየት ይመጣል?

የምጠይቀው ግን ከዚያም ያነሰ ነው፤ ዘንድሮ ሊሆን የሚችል። በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባለው በቀወት ወረዳ ላይ የተሠራ ማንኛውም ጥናት ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ይኑረው፤ የጤናው በጤና ጣቢያው፣ የእርሻው በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትሄድ ይዛው ትሂድ፤ አጥኚው ራሱ አንድ ቀን ወርዶ በገበያ ቀን ያንብበው፤ የመጣለትንም ጥያቄ ጽፎ ይመለስ። አርጎብኛና ኦሮምኛ ለሚናገረውም በቋንቋው ይነገረው። መጀመሪያ የወባው ይሁን። በይፋት ወባ የሚበረታው ዝናቡ እንዳባራ፣ ውሃው በየጉድጓዱ ሲተኛ፣ ከመስከረም ጀምሮ ነውና ወረቀቱ ጳጉሜን ሳይገባ ሮቢት መድረስ አለበት። የአቀንጭራው ደግሞ ገበሬው ዘር ሳይመርጥ፣ ሚያዝያ ላይ ይድረስ።